የመሮ ስለት ማዕዘንና የጽኑ እንጨት መጋጠሚያ፤ በጫጫና በአካባቢዋ ካለው የእንጨት ሥራ አንጻር

በደጋው ሸዋ አዲስ ቤት ሲሠራ ግንቡንና ክዳኑን አይቶ የሚያደንቅ ሰው ብዙ ነው፤ የበሩን መቃን ከጉበኑ ጋር ያያዘውን መጋጠሚያ ጐንበስ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። እንዲሁም በእርሻ ወራት ቀንበር ከማነቆው ቀዳዳ ላይ ተሰንጥቆ በሬዎቹ ሲፈቱ፣ ገበሬው እንጨቱን ይወቅሳል እንጂ ቀዳዳውን የቈረጠው ብረት እንዴት ተስሎ እንደ ነበረ አይጠይቅም። ነገር ግን የብዙ መጋጠሚያ ዕድሜ የሚወሰነው ገና እንጨቱ ሳይነካ፣ መሮው በመሳያው ድንጋይ ላይ ሲመላለስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አናጢ በጽኑ እንጨት ላይ መጋጠሚያ ሲቈርጥ የመሮው ስለት በምን ያህል ማዕዘን ሊሳል እንደሚገባ ከነምክንያቱ መግለጽ ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ማዕዘን ቀድሞ ማን ይወስነው እንደ ነበረና ዛሬ ውሳኔው በማን እጅ እንደ ወደቀ ማመልከት ነው። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ቢመስሉም በመጨረሻ አንድ መሆናቸው ይታያል።

ስለ አገሩና ስለ እንጨቶቹ

ጫጫ በሰሜን ሸዋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው ዐቢይ መንገድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር ስለሚበልጥ አገሩ ብርዳም ነው፤ የገብስና የበግ አገር ነው። በአጠገቧ ያለችው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረች፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ስፍራ ናት።

በዚህ ደጋ አናጢው ዘወትር የሚያገኘው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ የደጋው ሰው ቤቱንም ማገዶውንም የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ወይራና ጥድ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ይታያሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ባለው በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ደግሞ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ ይገኛሉ። ወንዛ ግን የወይና ደጋ ዛፍ ስለ ሆነ ወደዚህ ከፍታ የሚደርሰው በጣውላ መልክ ነው።

የውጭ አገር የአናጢነት መጻሕፍት እንጨትን “ጽኑ” እና “ለስላሳ” ብለው በሁለት ይከፍሉታል። ይህ አከፋፈል የተመሠረተው በዛፉ ቅጠልና ዘር ላይ ነው፤ የእንጨቱን ጥንካሬ አይለካም። ቅጠለ ሰፊው ሁሉ ከጽኑዎቹ ይቈጠራል፤ እንደ ጥድና እንደ ዝግባ ያለው ከለስላሶቹ ይመደባል። በዚህ ሥርዓት ወንዛ ከወይራ ጋር በአንድ መደብ ይገባል። ሁለቱን በእጁ የሠራ ሰው ይህን ቢሰማ ይሥቃል፤ የደረቀ ወይራ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1000 ኪሎ ግራም ሲጠጋ፣ ወንዛ ከ500 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅምና። ነጭ ባሕር ዛፍ በደረቀ ጊዜ ከ700 እስከ 850፣ ጥድና ዝግባ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ “ለጽኑ እንጨት ይህን ያህል ዲግሪ” ብሎ ሲያዝ፣ የእኛ አናጢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው “ለየትኛው ጽኑ?” ብሎ ነው።

ከክብደቱም ሌላ እያንዳንዱ እንጨት የራሱ ጠባይ አለው። ወይራ ጅማቱ የደቀቀና እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለ ሆነ ስለትን በየአቅጣጫው ይገፋዋል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ለመሮ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ግን ይጠነክራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጥድ ቀጥ ያለ ጅማት ስላለው በቀላሉ ይፈለጣል፤ ጅማቱ ተሻግሮ ሲቈረጥ ግን ስለቱ ካልሰላ ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ጕጡም ከአካሉ ይልቅ እጅግ የጠነከረ ነው።

ስለ መጋጠሚያ ጥንታዊነት

እንጨትን ከእንጨት ማጋጠም በአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። በአክሱም ከወደቀው ታላቅ ሐውልት ጀምሮ፣ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል በሆነው ድንጋይ ላይ፣ የእንጨት አግዳሚዎችና ከግንብ የወጡ የወራጅ ራሶች ተቀርጸው ይታያሉ። ድንጋዩ የቀዳው የእንጨት ቤት አሠራር ነው። ይኸው አሠራር በእንጨት ራሱ ቆሞ የሚታየው አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ምዕት ዓመት መሠረቱት በሚባለው በደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያንና፣ በላሊበላ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ነው። በዚህ አሠራር ረዣዥሞቹ አግዳሚዎች በግንቡ ውፍረት ውስጥ በሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ተቈንጥጠው ይያዛሉ፤ የአጫጭሮቹ ራስ ወደ ውጭ ስለሚወጣ “የጦጣ ራስ” ይባላል። አጭሩ እንጨት አግዳሚውን የሚነክስበት ጕድባ በትክክል ካልተቈረጠ ግንቡ አይያዝም። ስለዚህ የስለት ነገር ከሕንጻ ታሪካችን ጋር የተያያዘ ነው።

በደጋው ሸዋ በየቀኑ የሚያስፈልገው መጋጠሚያ ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ የበር መቃን፣ የአልጋ እግር፣ የቀንበር ቀዳዳ፣ የሞፈርና የእርፍ መገናኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ በአንዱ እንጨት ላይ የሚቈረጠውን ጕድጓድ “ብስ”፣ በሌላው ጫፍ ላይ ተቀርጾ ወደ ጕድጓዱ የሚገባውን “ምላስ” እንላቸዋለን።

ማዕዘን ምን እንደሚሠራ

መሮ አንድ ገጹ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ገጹ ወደ ጫፉ የተዘለፈ ሽብልቅ ነው። ቀጡን ገጽ ጀርባ፣ የተዘለፈውን ሰያፍ እንለዋለን። የስለቱ ማዕዘን ማለት ጀርባውና ሰያፉ ጫፍ ላይ ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው ስፋት ነው።

ማዕዘኑ ሲጠብ መሮው በቀላሉ ይገባል፤ ሲሰፋ ይከብዳል። ሰበቃውን ለጊዜው ብንተወው፣ በ20 ዲግሪ የተሳለ መሮ የተመታበትን ኀይል ወደ ጐን ወደሚገፋ 2.7 እጥፍ ያህል ይለውጠዋል፤ በ35 ዲግሪ የተሳለው ግን 1.4 እጥፍ ብቻ ያገኛል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ሁልጊዜ ጠባቡን ማዕዘን ይመርጥ ነበር።

ነገር ግን ሁለተኛውን ወገን ማየት ያሻል። ከስለቱ ጫፍ በጀርባው በኩል 1 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ብንለካ፣ የብረቱ ውፍረት በ20 ዲግሪ 0.36 ሚሊ ሜትር፣ በ25 ዲግሪ 0.47፣ በ30 ዲግሪ 0.58፣ በ35 ዲግሪ 0.70 ይሆናል። ከ25 ወደ 35 ዲግሪ ሲታለፍ ከስለቱ ጀርባ ሆኖ የሚደግፈው ብረት በግማሽ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። መዶሻ በመሮው ራስ ላይ ሲያርፍና ወይራው አልበገርም ሲል፣ ስለቱን ከመሸረፍ የሚያድነው ይህ ድጋፍ ነው።

ስለዚህ ማዕዘን መምረጥ ማለት በመግባትና በመጽናት መካከል ማስታረቅ ነው። እርቁም እንደ ሥራው ይለያያል። በእጅ ብቻ እየተገፋ ለስላሳ እንጨት ለሚያስተካክል መሮ 20 ዲግሪ ይበቃዋል። ጥድንና ወንዛን ለመላግ፣ የብሱንም ግድግዳ በእጅ ለማጥራት 25 ዲግሪ መልካም ነው። በእንጨት መዶሻ እየተመታ ለልዩ ልዩ ሥራ ለሚውል መሮ 30 ዲግሪ ይስማማዋል። በደረቀ ወይራ ወይም በደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ ጥልቅ ብስ ለሚያወጣ መሮ ግን 35 ዲግሪ ያስፈልገዋል። ከ40 ዲግሪ ካለፈ መሮው መቍረጡን ትቶ እንጨቱን መጨፍለቅ ይጀምራል።

መጨፍለቁ ለጊዜው ጕዳት የሌለው ይመስላል። የተጨፈለቀው የብስ ግድግዳ ምላሱን አጥብቆ የያዘ ይመስላልና። ነገር ግን የደጋው በጋ እንጨቱን ሲያደርቀው፣ ክረምቱም ሲያረጥበው፣ እንጨቱ በየዓመቱ ይጠብባል፣ ይሰፋል፤ የተሰበረው ጅማት የቀድሞ ኀይሉን ስለማያገኝ መጋጠሚያው ይላላል። በሩ መወዛወዝ፣ አልጋው መጮኽ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለቱም ወገን ጥቅም ለማግኘት የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ሰያፉ በሙሉ በ25 ዲግሪ ይሳልና፣ በጫፉ ላይ ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሁለተኛ ሰያፍ በ30 ወይም በ35 ዲግሪ ይወጣለታል። የመሮው አካል ቀጭን ስለ ሆነ ይገባል፤ ጫፉ ወፍራም ስለ ሆነ ይጸናል። ደግሞም በደነዘ ጊዜ የሚሳለው ጠባቡ ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ ጊዜና ብረት ይቈጥባል።

ያለ መለኪያ ማዕዘንን ስለ ማወቅ

የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ በእጁ የሌለ አናጢ ብዙ ነው፤ ይህ ግን ሊያሳስበው አይገባም። የመሮውን ውፍረትና የሰያፉን ርዝመት ማነጻጸር ይበቃል። ሰያፉ የውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ማዕዘኑ በትክክል 30 ዲግሪ ነው። ለምሳሌ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ መሮ፣ ሰያፉ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን 30 ዲግሪ ይሆናል። ሰያፉ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ቢረዝም 25 ዲግሪ፣ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢያጥር 35 ዲግሪ ይሆናል። አንድ የገብስ አገዳ በመሮው ውፍረት ልክ ቈርጦ በሰያፉ ላይ ሁለት ጊዜ የሚያስተኛ ሰው፣ ዲግሪ የሚለውን ቃል ባያውቅም 30ን አግኝቶታል።

ሁለተኛው መንገድ በወረቀት ነው። የወረቀትን ቀጥ ያለ ማዕዘን በሦስት እኩል እጥፍ ቢያጥፉት፣ አንዱ እጥፍ 30 ዲግሪ ይወጣዋል። ይህን እጥፍ በቀጭን ጣውላ ላይ ቀድቶና ቈርጦ በመሳያው ድንጋይ አጠገብ ማኖር ለዘወትር ሥራ ይበቃል።

ስለ ብረቱና ስለ ቀጥቃጩ

እስከ አሁን የተናገርነው ብረቱ ደኅና እንደ ሆነ በመገመት ነው። ብረቱ ግን ከቀጥቃጩ እጅ ይወጣል። በአገራችን ቀጥቃጭ መሮ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ወይም ካለቀ ሞረድ ነው። የባሌስትራ ብረት በ100 እጅ 0.6 ያህል ካርቦን ስላለው ጽናትና መተጣጠፍን ያስተባብራል፤ ሞረድ ደግሞ ካርቦኑ ከ1 እጅ ስለሚበልጥ እጅግ ጠንካራ፣ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን በወናፍ አግሎ በመስፍ ላይ ከቀጠቀጠው በኋላ እንደ ገና ያግለውና ይነክረዋል። ነክሮ ብቻ ቢተወው ስለቱ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ገጹን አጥርቶ በቀስታ መልሶ ያሞቀዋል። የብረቱ መልክ የገብስ ገለባ ሲመስል ሙቀቱ ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷልና ለመሮ ይበቃል፤ ሰማያዊ እስኪሆን ከዘገየ ወደ 300 ይደርስና ስለቱ ይለዝባል። በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ መሮ ሲሳል ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ይኸው ጕዳት ደርሶበታል፤ ያ ክፍል ተሞርዶ እስኪያልቅ ድረስ ስለቱ አይመለስም። መድኃኒቱ በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየነከሩ መሳል ነው።

አናጢና ቀጥቃጭ በሥራ የተጋቡ ናቸው፤ በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበራቸው ክብር ግን እኩል አልነበረም። ቀጥቃጭ እጁ የሠራውን ሁሉ ሰው እየተጠቀመበት፣ እርሱ ራሱ ግን በቡዳነት እየተጠረጠረ ይኖር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ ነገር ግን ነውሩ በሰዳቢው እንጂ በሠራተኛው እንዳልሆነ በመንግሥት ቃል አጸናው።

ይህ ነገር ከስለት ማዕዘን ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ መልሱ እንዲህ ነው። በቀጥቃጭ የተሠራ መሮ ከባለቤቱ ጋር እየተመላለሰ የሚታረም መሣሪያ ነው። አናጢው “ወይራ ላይ ተሸረፈብኝ” ብሎ ሲመልሰው፣ ቀጥቃጩ ወይ ሰያፉን ያሳጥርለታል ወይ ብረቱን ያለዝብለታል። በዚህ መመላለስ ማዕዘኑ ለአገሩ እንጨት የተስማማ ይሆናል። ከሱቅ የሚገዛው መሮ ግን ብዙ ጊዜ በፋብሪካ በ25 ዲግሪ ተሞርዶ ይመጣል፤ ሠሪው የመጨረሻውን ስለት ገዢው እንደ ሥራው ያወጣዋል ብሎ ስለሚተወው ነው። ይህን ያልተነገረው ወጣት አናጢ መሮውን እንደ ተገዛ በደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ ይመታውና ሲሸረፍ ዕቃው የማይረባ ነው ብሎ ይጥለዋል። የጐደለው ግን ዕቃው ሳይሆን የቀጥቃጩ ምክር ነው።

ብስ ሲቈረጥ

ማዕዘኑ በትክክል ቢሳልም አመታቱ ካልተስተካከለ አይጠቅምም። አናጢው ብሱን በመስመር ካመለከተ በኋላ መቍረጥ የሚጀምረው ከመካከል ነው፤ ከመስመሩ ላይ አይጀምርም። መሮ ሲመታ ሰያፉ በእንጨቱ ተገፍቶ መሮውን ወደ ጀርባው ስለሚያሸሸው፣ ገና ባልተከፈተ ብስ ውስጥ ከመስመሩ ላይ የተመታ መሮ መስመሩን ያልፋል። የሰያፉ ማዕዘን በሰፋ መጠን መሸሹም ይብሳል። ስለዚህ በ35 ዲግሪ የሚሠራ ሰው በሁለቱም ዳር እስከ 2 ሚሊ ሜትር አትርፎ መካከሉን ያወጣል።

ምቱ ጅማቱን የሚያቋርጥ ይሁን፤ ጥልቀቱም በአንድ ጊዜ ጥቂት ይሁን። ብሱ ወዲያ ማዶ የሚዘልቅ ከሆነ ከሁለቱም ገጽ ተቈርጦ መካከል ላይ ይገናኝ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከተበሳ በመውጫው በኩል እንጨቱ ይገነጠላል። በመጨረሻም የተረፈው 2 ሚሊ ሜትር በ25 ዲግሪ በተሳለ ሌላ መሮ፣ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ግፊት ይጠራል። ሁለት መሮ ያለው አናጢ አንዱን ለመምታት፣ ሌላውን ለማጥራት ቢለይ ከብዙ ድካም ይድናል።

መሮው ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት

ማዕዘኑ ተስማምቶ እንደ ሆነ መሮው ራሱ ይናገራል። ከሥራ በኋላ ስለቱን በብርሃን አንጻር መመልከት ነው። በስለቱ ላይ እንደ ጥርስ ያለ ሽርፍ ከታየ፣ ወይ ማዕዘኑ ጠቧል ወይ ብረቱ ከመጠን በላይ ጠንክሯል። ስለቱ ሳይሸረፍ ወደ አንድ ወገን ከተጠቀለለ ብረቱ ለዝቧል፤ ማዕዘኑን ማስፋት ጥቂት ቢረዳም ፍጹም መድኃኒት አይሆነውም። ስለቱ ደኅና ሆኖ ሳለ መሮው በምቱ ወደ ላይ ከነጠረ፣ የብሱም ግድግዳ የተቀጠቀጠ ከመሰለ፣ ማዕዘኑ ሰፍቷል ወይም ስለቱ ደንዟል። እርማቱ በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ይሻላል። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው መሮ ይህ የሰያፉን ርዝመት በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ማሳጠር ወይም ማርዘም ማለት ነው። ማዕዘኑም ከመለወጡ በፊት ጀርባው ፍጹም ቀጥ ማለቱ ይመርመር፤ ጀርባው የጐበጠ መሮ በማናቸውም ዲግሪ ቢሳል በትክክል አይቈርጥም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው፣ ለጽኑ እንጨት ሁሉ የሚሆን አንድ ማዕዘን የለም። እንጨቱ፣ ብረቱና የሥራው ዐይነት ሦስቱ ተስማምተው የሚወስኑት ነው። ይህን ስምምነት ቀጥቃጩና አናጢው በመመላለስ ያገኙት ነበር፤ ዲግሪ ብለው ባይጠሩትም በእጃቸው ያውቁት ነበር። መሮ ከሱቅ በሚገዛበት ዘመን ግን ውሳኔው በአናጢው ላይ ብቻ ወድቋል። ስለዚህ በሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሰዎች ከውጭ መጻሕፍት የተገኘውን ቍጥር ሲያስተምሩ፣ ወይራን፣ ባሕር ዛፍንና ጥድን በጠረጴዛው ላይ አኑረው ተማሪው ልዩነቱን በእጁ እንዲያየው ቢያደርጉ መልካም ነው።

የአገርን ባሕል ለሚመረምሩም አንድ ምክር እናቀርባለን። በመንደር የቈየ መሮ ሲገኝ ስሙንና የተገኘበትን ስፍራ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የብረቱ ውፍረት፣ የሰያፉ ርዝመት፣ ብረቱ ከምን እንደ ተሠራ፣ በየትኛው እንጨት ላይ ይሠራበት እንደ ነበረ አብሮ ይመዝገብ። ይህን ለማድረግ አንድ ማስመሪያና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። ብዙ ዓመት በአንድ አናጢ እጅ የተሳለ መሮ የባለቤቱን ፍርድ በሰያፉ ላይ ይዟል፤ አንድ ጊዜ በማያውቀው ሰው በኤሌክትሪክ ድንጋይ ከተሞረደ ግን ያ ምስክርነት ተመልሶ አይገኝም።